የመኪናዬ ጣሪያና የእጄ ርዝመት

ያን ሰውዬ ዛሬም ድረስ አልረሳሁትም። ፊቱን እንኳ በቅጡ አላየሁትም። ያየሁት ብርቱካናማ ኮፍያውን፣ በእጁ የያዘውን የቡና ኩባያና ዜብራው ላይ ሊያሳርፍ ያነሳውን አንድ እግሩን ነው። ቀጥሎ ምንም አልታየኝም።

የምኖረው ከዴንቨር ጎን፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ክረምቱ ከገባ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ መኪናዬን በረዶ ውጧት አገኛታለሁ። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በእግሬ ነው ያደርኩት፣ ዓይኔ እየተከደነ ነው። የፊቱን መስታወት ጠረግኩ። የጎኖቹን በክንዴ ገፋ ገፋ አደረግኩ። የኋላው ላይ የሰሃን ያህል ቀዳዳ ከፈትኩ። ጣሪያዋ ላይ ስንዝር ተኩል የሚሆን በረዶ ተከምሯል። አየሁት። እጄ አይደርስም። "እየነዳሁ ይበናል" ብዬ ገባሁ።

አልበነነም። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼዋለሁ። ጣሪያው ከውስጥ ሲሞቅ ከበረዶው ሥር ያለችው ስስ ሽፋን ቀለጠች፣ ላዩ ግን እንዳለ ነው። ሳሙና የተቀባ ፍራሽ ጣሪያዬ ላይ ጭኜ ሃቫና ጎዳና ላይ እየነዳሁ ነበር ማለት ነው። መብራቱ ቀይ ሆነ። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዬ ቆመች፣ ፍራሹ አልቆመም።

ድምፁ የሚያስደነግጥ አይደለም። ብርድ ልብስ ከአልጋ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት "ድፍ" ነው። የፊት መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነ፣ ውስጡ ድንግዝግዝ አለ። ዋይፐሩን ነካሁት። አንዴ አቃሰተና ቀጥ አለ። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው፣ ግን መኪናዋ በእውነት ቆማለች? መንገዱ ያንሸራትታል። ለካ ሰው መቆሙን የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ዛፉ ቆሟል፣ ግድግዳው ቆሟል፣ ስለዚህ እኔም ቆሜያለሁ ይላል። እኔ ዛፍም ግድግዳም የለኝም። ያለኝ መጨረሻ ላይ ያየሁት፣ አየር ላይ የቀረ አንድ እግር ብቻ ነው።

ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ኮፈኑ ሁለቴ በመዳፍ ተመታ። ጧ፣ ጧ። ሰውየው አለ ማለት ነው። በሩን ከፍቼ ስወጣ ተሻግሯል፣ ብርቱካናማው ኮፍያ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ቆሟል። ዞሮም አላየኝ። አልተሳደበም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ መሀል መንገድ ላይ፣ ከኋላዬ ክላክስ እየጮኸብኝ፣ በሹራቤ እጅጌ በረዶ እዝቃለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

አንድ ቃል፣ ሦስት ጣጣ

ቤት ገብቼ መተኛት ነበረብኝ። አልተኛሁም። አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ ኮርኒሱን እያየሁ የመኪናዬን ጣሪያ ሳስብ ዋልኩ። ስንፍና ነው? ድካም ነው? ሁለቱም አለበት። ግን ሌላም ነገር አለ፤ ትንሽ አማርኛችን ላይ ላሳብብ ነው።

በረዶ እንላለን። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮውን እንደ ጠጠር የሚደበድበው በረዶ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውም በረዶ ነው። እዚህ ሌሊቱን ድምፅ ሳያሰማ እንደ ላባ የሚወርደውም በረዶ ነው። እርግጥ አመዳይ የሚል ቃል አለን፣ ውርጭም አለን። ግን "ዛሬ አመዳይ ስለጣለ አልመጣም" ብሎ የደወለልኝ ሰው እስካሁን የለም። ሁሉን በረዶ እያልኩ ስላደግኩ፣ መጥረጊያውም አንድ ይበቃል ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት መጥረጊያም አልነበረኝም። የሱፐርማርኬት የቅናሽ ካርድ ነበረኝ። በሱ ፋቅኩ፣ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ለሁለት ተሰበረ። ከዚያ ነዳጅ ማደያ ገብቼ፣ ካሸሩ አጠገብ ከተደረደሩት አንዷን አሥር ዶላር በማይሞላ ገዛሁ። አጭር፣ ፕላስቲክ፣ በአንድ በኩል መፋቂያ በሌላ በኩል ሚጢጢ ብሩሽ። ስትታይ ታምራለች። ርዝመቷ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ አይሞላም። ያን ቀን ጠዋት እጄ ላይ የነበረችው እሷ ናት።

አሁን ሳስበው በረዶው ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው። ለስላሳው አለ፣ ገና የወረደው። እሱ የሚገፋ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ሌሊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ውርጭ አለ። እሱ የሚፋቅ ነው። ከዚያ ደግሞ ቀን ቀልጦ ማታ የሚረጋው ግግር አለ። ኮሎራዶ ፀሐይ ሞልቷል፣ በረዶ በጣለ ማግስት እንኳ ሰማዩ ኩልል ይላል። ፀሐይዋ ቀን ታቀልጠዋለች፣ ማታ ብርዱ እንደ ሲሚንቶ ያደርቀዋል። ይሄኛው አይገፋም፣ አይፋቅም። የሚለመን ነው። የእኔ የአሥር ዶላር ዕቃ መሥራት የምትችለው ሁለተኛውን ብቻ ነበር።

"እስቲ እጅሽን ዘርጊ"

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ጥገና የሚሠሩ አንድ ያገሬ ሰው አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሀገር ቤት ሳሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሌሊት በረዶ ሲጥል መግቢያውን በአካፋ የሚዝቁት፣ ጨው የሚበትኑት እሳቸው ናቸው። የሆነውን ነገርኳቸው። አልደነገጡም። መጥረጊያዬን ተቀብለው አገላብጠው አይዋት።

"ይቺማ ቅቤ መቀቢያ ናት" አሉኝ። "አንቺ ልጅ፣ ስትገዢ ምን አይተሽ ነው?"

"ዋጋዋን።"

"ዋጋ ኋላ ይደርሳል። እስቲ እጅሽን ዘርጊ።"

ዘረጋሁ። መኪናዬ አጠገብ አቆሙኝና ጣሪያዋ ላይ ጣቴ የደረሰበት ቦታ ላይ በጓንታቸው መስመር አሰመሩ። ከጠርዙ ከስንዝር ብዙም አይዘልም። ቁመቴ 1 ሜትር ከ55 ነው። መኪናዬ ቶዮታ ራቭ ፎር ደግሞ ቁመቷ 1 ሜትር ከ70 ገደማ፣ ስፋቷ 1 ሜትር ከ85 ነው። ጣሪያዋ ከአናቴ በላይ ነው ማለት ነው። መሀሏ ለመድረስ ከእጄ ሌላ አንድ ሜትር ያህል ዘንግ ያስፈልገኛል። ግማሹን ከዚህ ወገን፣ ግማሹን ዞሬ ከዚያ ወገን።

ያን መስመር ሳየው አፈርኩ። ሦስት ክረምት ይቺን መኪና ስነዳ ጣሪያዋን በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር።

ጋሼ ረጅም እጀታ ያለው፣ ጠጉሩ ጠንካራ ብሩሽ ግዢ አሉኝ። ገዛሁ። እዚህ ላይ ነው ከሳቸው ጋር የተለያየነው፣ እስከ ዛሬም አልታረቅንበትም። ብሩሹ ደረሰልኝ፣ ጣሪያውን አጸዳሁ፣ ኮፈኑንም እንደ ምንጣፍ ፈተግኩት። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ ቀለሙ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት አየሁ። መንገድ ላይ የሚበተነው አሸዋና ጨው መኪናው ላይ ተረጭቶ ይቀመጣል። ብሩሹ ያንን በጠጉሮቹ መሀል ይይዝና ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይልገዋል። "ጭረት ምን ያደርግሻል፣ ልትሸጫት ነው እንዴ?" ይሉኛል ጋሼ። መኪናዋ ገና ዕዳዋ አላለቀም፣ እንዴት አያደርገኝም!

ፍራሽ የሚሉት

ሦስተኛው ላይ ተሳካልኝ። ጫፉ ላይ በጠጉር ፈንታ ጠፍጣፋ ወፍራም ፎም ያለው ነው። ጋሼ "ፍራሽ" እያሉ ይስቁበታል። ከ20 እስከ 40 ዶላር ባለው ይገኛል። ብዙ በረዶ በአንዴ ይገፋል፣ ጠጉር ስለሌለው አሸዋ መሀሉ ተሰግስጎ አይቀርም። ቢሆንም አስማት አይደለም። ቀለሙ ላይ ተጭነው ከጎተቱት እሱም ይጭራል። ጥበቡ ቀለሙን አለመንካት ነው። ላዩን እየገፉ ማውረድ፣ መጨረሻ ላይ የጣት ውፍረት የምታህለውን መተው። እሷ ብትቀር አትገድልም።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ የፈተንኩት እጀታውን ነው። የሚሳብ የሚረዝም ዓይነት ነው፣ ግን የሚቆለፍበት መንገድ ይለያያል። በመጠምዘዝ የሚጠብቀው እጅ በጓንት ሆኖ፣ ያውም እርጥብ ሆኖ፣ ይንሸራተታል። ሲገፉት ወደ ውስጡ ይገባል። በቁልፍ "ቀጭ" ብሎ የሚይዘውን መረጥኩ። ሻጩ እያየኝ ወለሉ ላይ አስደግፌ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ሻጩ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ጭንቅላቱ ዞሮ መቆለፍ መቻሉንም አየሁ፤ እንደ እርሻ መሰቅሰቂያ አጋድመው በረዶውን ወደ ራስ መሳብ ያስችላል። ለአጭር ሰው ከመግፋት መሳብ ይቀላል። እጀታው ላይ የተጠቀለለ ስፖንጅ አለ ወይ? እሱንም ዳበስኩ። ባዶ ብረት በጠዋት ብርድ ጓንት ዘልቆ ጣት ያደነዝዛል።

መፋቂያውን ግን ለብቻው ገዛሁ። ሁሉን በአንድ እንጨት ላይ የሰበሰበ ዕቃ ሁሉንም ለብ ለብ ነው የሚሠራው፣ የእኔ ፍርድ ይሄ ነው። የገዛሁት ጠርዙ ከነሐስ የሆነ ትንሽ ነገር ነው። ነሐስ ከመስታወት ስለሚለሰልስ መስታወቱን አይጭርም፣ ከፕላስቲክ ግን ቀጠን ይላልና ውርጩን እንደ ልጣጭ ይልጠዋል። ርካሽ ፕላስቲክ ብርዱ ሲጠና እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ የቅናሽ ካርዴ ምስክር ነው። መፋቂያ መስታወት ላይ እንጂ ቀለም ላይ አይነካም። ይሄን ለመማር የግድ መኪና ማበላሸት አያስፈልግም ነበር።

ለግግሩ መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል፣ ጊዜ ነው መሣሪያው። ሞተር አስነስቶ አየሩን ወደ መስታወቱ ማዞር፣ አልኮል በውሃ ቀጥኖ በመርጫ ጠርሙስ መርጨት፣ መጠበቅ። አንዲት ጎረቤቴ መጠበቅ ሰልችቷት የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አወረደችበት። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ሌላ ነገርም አለ። ኮሎራዶ ውስጥ መኪና አስነስቶ፣ ቁልፉን ትቶ፣ ቤት ገብቶ ቡና መጠጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ሌባ ይነዳዋል። ከሩቅ በሪሞት የሚነሳውን ግን ሕጉ ይፈቅዳል። የእኔ ሪሞት የለውም፣ ስለዚህ አጠገቧ ቆሜ እጠርጋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን የጭስ ማውጫውን ዞሬ አያለሁ። በረዶ ደፍኖት ከሆነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ደግሞ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እረፍት አለኝ። ድሮ ስልኬን እነካካበት ነበር። አሁን በረዶ እየጣለ ከሆነ ጃኬቴን ደርቤ ወጥቼ አምስት ደቂቃ እገፋለሁ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። ጠዋት የሚጠብቀኝ ግማሹ ነው፣ ታችኛውም ለመርጋት ጊዜ አያገኝም። የሥራ ባልደረቦቼ መጀመሪያ እብድ ናት አሉኝ። አሁን ሁለቱ አብረውኝ ይወጣሉ። አንዷ ግን የምትወጣው ሲጋራዋን ለማጨስ ነው።

ኩንታሉ

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ሠራሁት። ጣሪያዋን 2 ካሬ ሜትር በሉት። 30 ሳንቲ ሜትር በረዶ ሲተኛበት 0.6 ሜትር ኩብ ይሆናል። ደረቅ በረዶ ሲቀልጥ አንድ አሥረኛው ያህል ውሃ ይወጣዋል፣ ስለዚህ 60 ኪሎ ነው። የማርች በረዶ ግን እርጥብ ነው፣ አንድ አምስተኛው ውሃ ሊሆን ይችላል። 120 ኪሎ። ከኩንታል በላይ! እ.ኤ.አ. ማርች 2021 ዴንቨር አየር ማረፊያ በሁለት ቀን 69 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥሎ ነበር፣ የሱን ለእናንተ ልተወው።

ኩንታል እህል ጣሪያ ላይ ሳያስር የሚነዳ ሹፌር ብናይ ምን እንላለን? እብድ ነው እንላለን። እኔ ኩንታሌን ሳላስር ነድቻለሁ። በረዶ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ጭነት አይመስልም።

ያኔ እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ታሪክ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. 1996 ላይ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ከአንድ ከባድ መኪና ላይ በረዶ ተፈንቅሎ በረረ። ያረፈው ሌላ ከባድ መኪና ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ መስመሩን ስቶ የአንዲት የ20 ዓመት ወጣት መኪና ላይ ወጣ። ሞተች። የግዛቲቱ ሕግ ዛሬም በስሟ የጄሲካ ሕግ ይባላል። በረዶውን ያልጠረገው ሹፌር ከሷ ጋር ምንም አልነበረውም፤ በመንገድ ላይ እንኳ አልተያዩም ይሆናል። እኔ ቢያንስ የሰውየውን ኮፍያ አይቻለሁ።

ደግሞ መኪናዬ ነግራኝ ነበር። ከመነሳቴ በፊት ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ቢጫ ምልክት በርቷል። ከፊት ለፊት አርማው ኋላ ራዳር አለ፣ መስታወቱ አናት ላይ ደግሞ ካሜራ። አርማው በረዶ ከለበሰ ራዳሩ ይታወራል፣ ፍሬን በራሱ የሚይዘው ሲስተም አብሮ ይጠፋል። ምልክቱን አይቼ "ሲሞቅ ይጠፋል" ብዬ አለፍኩት። ያን ቀን ጠዋት መኪናዬም እኔም ዕውሮች ነበርን። አሁን አርማውን በጓንቴ ነው የማብሰው። መብራቶቹንም እንደዚያው። ፎሙ ለዚህ ትልቅ ነው፣ መፋቂያው ደግሞ ጨካኝ።

ሲመሽ

መጥረጊያውን የት ማስቀመጥ እንዳለብኝ ሳውቅ አንድ ክረምት አለፈ። ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳደርገው በሩ በበረዶ ተጣብቆ እምቢ አለ። የኋላ ወንበር ሥር ሳደርገው፣ የያዘው በረዶ ምንጣፉ ላይ ቀልጦ፣ በማግስቱ መስታወቶቹ ከውስጥ ውርጭ ለበሱ። ከውስጥ! አሁን አራግፌው፣ ይዤው እገባለሁ። መሥሪያ ቤት መግቢያው ላይ ከጋሼ አካፋ አጠገብ ይቆማል። "ፍራሽሽ መጣ?" ይሉኛል በየማታው።

ሀገር ቤት ለእናቴ ስነግራት ዴንቨር ከአዲስ አበባ ከፍ ይላል ወይ አለችኝ። አይልም፣ ዴንቨር 1,609 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። "ታዲያ ለምን እኛ ጋ አይጥልም?" አለች። ወደ ሰሜን በጣም ስለራቅን ነው ብዬ አስረዳኋት። አልተዋጠላትም።

ግንቦት ላይ እንዲህ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ተኝቼ ነበር። ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የተደፋ የመሰለ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ኮሎራዶ በዚህ ትታወቃለች። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2017 ዴንቨር ላይ የጣለው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ አስከፍሏል። የብዙ ሰው መኪና እንደ ድሮ ብረት ድስት ጎድጉዷል። በመስኮት ሳይ መኪናዬ ደጅ ናት። ምን ላደርግላት? ስልኬ ጠራ፣ እናቴ ናት።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?"

"በረዶ።"

"ውይ፣ መጥረጊያሽ አለ አይደል?"

"እማዬ፣ ይሄኛው የእኛው በረዶ ነው።"

ዝም አለችና "እንግዲያ ውጪና አንድ ልቀሚ" አለችኝ። ወጣሁ። ለውዝ የሚያህለውን ከደረጃው ላይ አንስቼ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆረጠምኩት፣ እሷም እዚያ ሆና ሰማችው።